ከትሉ መሃል የሚቆረጠው

የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ሲበለት፣ ልቡ ባለበት ክፍተት ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገኘው ትል ለአስጋሪዎች እንግዳ አይደለም። ኮንትራሲከም የተባለው ወገን እጭ ነው። ከጥቃቅን የውሃ እንስሳት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣም ወደ ፔሊካንና መሰል ዓሣ በል ወፎች ይሸጋገራል፤ የሚጎለምሰው በወፉ ሆድ ነው። ዓሣው ውስጥ ሳለ የመራቢያ አካሉ ገና ስላልዳበረ ማይክሮስኮፕ ወገኑን እንጂ ዝርያውን አይለይልንም። ለዚያ ዲኤንኤው ያስፈልገናል።

ለተማሪዎቼ ዲኤንኤን ከሚያባዛው ፒሲአር በፊት የማስተምራቸው የምላጭ አያያዝ ነው። ትሉ ሦስት ቦታ ይከፈላል። መሃሉ ለዲኤንኤ ይሄዳል፤ ራሱና ጅራቱ በስላይድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወገኑን የሚያሳውቁት የአንጀቱ ቅጥያዎችና የጅራቱ ጫፍ ያሉት እዚያ ነውና። ሁሉም ላይ አንድ ቁጥር ይጻፋል። ፎርማሊን ቅርጹን ቢጠብቅም ዲኤንኤውን ስለሚጎዳ፣ 95 በመቶ አልኮል ይዞ ሐይቁ ዳር መውረድ ግድ ነው።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው፣ ከቤተ ሙከራ የሚወጣው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ብቻውን ስም ስለሌለው ነው። አይቲኤስ ወይም ኮክስ 2 የተባለውን የዘረመል ክፍል አንብበን እንደ ጄንባንክ ባለ ክምችት ከተመዘገበው ጋር እናስተያያለን። እዚያ የሰፈረው ስም የሚታመነው፣ አንድ ባለሙያ የጎለመሰውን ትል ከወፍ ሆድ አውጥቶ አካሉን በሚገባ መርምሮ ከሆነ ነው። ከአፍሪካ ሐይቆች የተመዘገበው ጥቂት በመሆኑ፣ ተቀራራቢ ውጤት ሲገኝ ያንኑ ስም ሰጥቶ ማለፍ ይቀላል። ስላይዱ ካለ ግን የተሳሳተ ስም ከዓመታት በኋላም ሊታረም ይችላል።

ዛሬ ውሃ አጣርቶ ጥገኛ ትሎች የተዉትን ዲኤንኤ መፈለግ ይቻላል። ዓሣ ሳይገደል ሐይቅን መቃኘት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የተጣራው ውሃ ትሉ በሕይወት ይኑር ይሙት፣ በአንድ ዓሣ ውስጥ ስንት እንዳለ፣ ወደ ሥጋው ይግባ አይግባ አይነግረንም። በሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ለሚበላ ሰው ደግሞ ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ውሃው የት እንደምንፈልግ ይጠቁመን፤ ቆጠራው ግን ዓሣውን በመክፈት ይደረግ። ለክትትል ገንዘብ የሚመድብም፣ ከዲኤንኤ ማሽኑ ዋጋ ጋር የስላይዶቹን መደርደሪያና የሚጠብቃቸውን ባለሙያ ደመወዝ አብሮ ይመድብ።