ሰባት ጊዜ ማካፈል

የተዋጠ መድኃኒት ምን ያህሉ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ይገባል? ዛሬ ይህን የሚተነብዩት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ብዙ መረጃ ይጠይቃሉ። እኔን የሚማርከኝ ግን ከነሱ በፊት የነበረ አንድ አጭር ቀመር ነው፤ ሎውረንስ ዩ እና ጎርደን አሚዶን እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት።

ትንሹ አንጀት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ቱቦ ነው። ሊሰላ ግን መቆራረጥ ነበረበት። ስንት ቦታ? እንደ አንድ ጋን ቢታሰብ፣ የገባው ሁሉ ወዲያው ስለሚደባለቅ ከፊሉ በገባበት ደቂቃ ወደ ትልቁ አንጀት ያመልጣል። እጅግ ቢከፋፈል ደግሞ መድኃኒቱ ሳይበታተን ተያይዞ ገብቶ ተያይዞ ይወጣል። የሰው አንጀት ሁለቱንም አያደርግም። ስለዚህ በሰዎች ላይ ከተለካው የጉዞ ጊዜ ጋር እያስተያዩ ሞከሩ፤ አማካዩ 199 ደቂቃ ነበር፣ ከልኬቶቹ ሥርጭት ጋር የገጠመውም ሰባት ክፍል ሆነ። የአናቶሚ መጻሕፍት ትንሹን አንጀት ለሦስት ይከፍሉታል፤ እነሱ ግን ለመጽሐፉ ሲሉ ልኬቱን አላጣመሙም። ይህን ድፍረት አደንቃለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ግድግዳውን የሚያልፍበትን ፍጥነት በሰዓት በሴንቲሜትር ይዞ በ0.54 ማባዛት፣ 1 መደመር፤ ከዚያ 1ን ለዚህ ቁጥር ሰባት ጊዜ ደጋግሞ ማካፈል። እያንዳንዷ ማካፈል አንድ ክፍል ናት። መጨረሻ የሚቀረው ሳይገባ ያለፈው ድርሻ ነው።

0.54 ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው የእጃቸው ጥራት የሚታየው። የቱቦ ግድግዳ ስፋት ለይዘቱ ሲካፈል፣ 2 ለሬዲየሱ ተካፍሎ የሚገኘው ነው፤ የአንጀቱን ሬዲየስ 1.75 ሴንቲሜትር ወሰዱ። ያንን በ3.32 ሰዓት (ያው 199 ደቂቃ ነው) አባዝቶ ለሰባት ማካፈል ነው፤ 0.54 ይወጣል። ቁጥሩን ከመድኃኒቶቹ ውጤት ጋር እንዲገጥም ብሎ ያስገባው ሰው የለም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከሥጋና ከጊዜ የመጣ ነው። በወረቀት ላይ ስሠራው፣ ፍጥነቱ 0.2 ሲሆን ግማሽ ያህሉ ይገባል፤ 1 ሲሆን 95 በመቶው።

ቀመሩ መድኃኒቱ አስቀድሞ ሟሙቷል፣ ግድግዳውንም ያለ አጓጓዥ ያልፋል ብሎ ይነሳል። ኋላ የመጡት ፕሮግራሞች የጨጓራውን አሲድ፣ የክኒኑን አሟሟት፣ ትልቁን አንጀት፣ በግድግዳው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞችን ጨመሩበት። ቢሆንም ቀመሩ ሲሳሳት እንኳ ይጠቅማል። ቀመሩ 95 በመቶ ብሎ ደም ውስጥ የተገኘው ጥቂት ከሆነ፣ ተመራማሪው ግድግዳው ለመድኃኒቱ ዝግ ነው ብሎ አይደክምም፤ ክኒኑ ሳይሟሟ ቀርቶ፣ ወይም ካለፈ በኋላ ጉበት አፍርሶት እንደሆነ ወደዚያ ዞሮ ይመረምራል።