ቅዳሜ የሚከፈት በር

ልጅ ሲያጠፋ ‹‹እሰሩት!›› ማለት ቀላል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ግን በአንቀጽ 161 የተሻለ ብልሃት አስቀምጧል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጥፋቱ ቀላል ከሆነና የመታረም ተስፋ ካለው፣ ዳኛው በዕረፍት ሰዓቱ ወይም በበዓል ቀን በትምህርት ቤት ወይም በቤቱ ቆይቶ ለዕድሜው የሚመጥን ሥራ እንዲሠራ ያዝዛል።

ለጉራጌዎቹ ከተሞች ለወልቂጤና ለቡታጅራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያጠፉ ሕፃናት ማረሚያ ተቋም ሲባል ለረጅም ዘመን የሚታወቀው አዲስ አበባ፣ ልደታ ያለው ነው። ለወልቂጤ ልጅ ይህ ከእናቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ግን እዚሁ፣ ከደጁ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቹ ኳስ ሲጠልዙ አንዱ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ያጥባል፣ ችግኝ ያጠጣል። ሽማግሌው ዘበኛ ‹‹ና አንተ፣ መጀመሪያ ቆሎ ቅመስ›› ይሉታል። ሰኞ ያው ዴስኩ ላይ ይቀመጣል፤ አንድም ትምህርት አላመለጠውም።

የጉራጌ ልጅ የሚያድገው ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የመንደር መንገድ ላይ፣ በመንደሩ ሁሉ ዓይን ሥር ነው። ይህ አንቀጽም ልጁን ከዓይን አያርቀውም። የምወድለት ይህንኑ ነው።