አንሺ የሌለው ተነሺ

«የልማት ተነሺ» የሚለውን ሐረግ እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ተነሺ ማለት የሚነሳ ነው፤ በጠዋት ተነሺ እንደምንለው። ቃሉ ሰውየው ራሱ በገዛ እግሩ ብድግ ያለ ያስመስለዋል። አማርኛ ለሌላኛው ወገንም ቃል አላጣም፤ «አንሺ» ይለዋል። ግን በየቀኑ የምንሰማው አንሺ ፎቶ አንሺና ቆሻሻ አንሺ ብቻ ነው። ስለ አዲስ አበባ መልሶ ማልማት በሚወጡ ዜናዎችና መግለጫዎች ተነሺ በሽ በሽ ነው። አንሺውን ግን ፈልጌ አጣሁት።

ፍለጋውን የጀመርኩት በሥራ ምክንያት ነው። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፤ ዕቃ ለሚያደርስ አንድ አፕ የአድራሻ ክፍሉን እሠራ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቁጥር ቢኖርም ለሰው መንገድ ለማሳየት የሚጠቀምበት የለም። ሰው የሚጽፈው «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሱቁን አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» ነው። በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት ወዲህ በዚያች የአድራሻ ሳጥን ውስጥ አንድ ቃል እየበዛ መጣ፦ «የቀድሞው»። ከቀድሞው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት። የቀድሞው ታክሲ መያዣ ጋ። ሞተረኛው ይደውላል፣ ደንበኛው ያስረዳል፣ ሁለቱም በሌለ ነገር ይግባባሉ። ለኔ ግን ችግር ነበር። በሌለ ነገር መግባባትን ኮድ አድርጎ መጻፍ አይቻልም።

የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየካቲት 2016 የአድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በተከታዮቹ ሳምንታት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ። በ2017 ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ሥራው «የኮሪደር ልማት» ተባለ።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ምሽት በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ስሄድ ደስ ብሎኛል። መብራት አለ። ጉድጓድ ውስጥ እገባ ይሆን ብሎ መሬት መሬቱን ማየት ቀረ። ሕፃናት ብስክሌት ይነዳሉ። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ዘመን በጭቃና በመኪና መካከል እየተሹለከለክን እንደኖርን የሚያውቅ ሰው የእግረኛ መንገድን አይንቅም። ይሄ ጽሑፍም የእግረኛ መንገዱን አይተችም። የሚተቸው ውሳኔው የተነገረበትን ቋንቋ ነው፤ ቋንቋው ማን ምን እንደሚያገኝ ስለሚወስን።

«ኮሪደር»ን ውሰዱት። ቃሉን የምናውቀው ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል ነው። ኮሪደር የሚታለፍበት ቦታ ነው፤ ቆሞ የተገኘ ተማሪ «ምን ትሠራለህ እዚህ?» ይባላል። አንድን ሰፈር ኮሪደር ካልከው፣ እዚያ የሚኖረው ሰው መንገድ ላይ የቆመ ይሆናል። በግንባታ አጥር ላይ ያየኋቸው ሥዕሎችም ይህንኑ ነው የሚሉት። በኮምፒውተር የተሳሉት ሰዎች ሁሉ ይራመዳሉ። ጉሊት የዘረጋች ሴት የለችም፣ ሊስትሮ የለም፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ የለም።

ወደ አንሺው ልመለስ። በመጨረሻ ያገኘሁት ከዜና ሳይሆን ከአዋጅ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ትርጓሜ ክፍል ውስጥ፣ አዲስ አበባን በሚመለከት «የሕዝብ ጥቅም ነው» ብሎ የሚወስነው የከተማው ካቢኔ እንደሆነ ተቀምጧል። መሠረቱም የጸደቀ ፕላን ነው። የሚጠበቀው ጥቅም በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ሊመጣ ይችላል። «በተዘዋዋሪ» የምትለዋን ቃል ሳነብ ትንሽ ሳቅሁ። በተዘዋዋሪ የማይጠቅም ምን ነገር አለ?

ያው አዋጅ ግን ጥሩ ነገርም ይዟል። ተነሺዎች ቦታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ምንነትና ጥቅም መመካከር እንዳለ ይደነግጋል። አንድ ዓመት! ፒያሳን ከአንድ ዓመት ጋር አስተያዩት፤ እዚያ ነገሩ የሳምንታት ጉዳይ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቃል አለ፣ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለበት፦ «ባለይዞታ»። አዋጁ በዋናነት የሚያናግረው የመሬት ባለይዞታን ነው። የፒያሳና የካዛንቺስ ነዋሪ ብዙው ግን የቀበሌ ቤት ተከራይ ነበር። ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም አማራጭ ቀርቦለታል። ግን በሕጉ ዓይን የሚለቀው መሬት ያለው ሰው ሆኖ አያውቅም። አርባ ዓመት ኖሮበት እንኳ እንግዳ ነው።

እንግዳ ያደረገው ማነው? አዋጅ ቁጥር 47/67 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አነስ ያሉት ቤቶች በቀበሌ ሥር ወደቁ። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ ለእድሳት የሚተርፍ አልነበረም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ያልሆነን ግድግዳ በራሱ ገንዘብ ለማደስ እንኳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ 50 ዓመት ሄደ። ዛሬ መግለጫዎች «ያረጁ፣ ለኑሮ የማይመቹ ቤቶች» ሲሉ እውነት ነው፣ አርጅተዋል። ግን ይህን የሚለው አከራዩ ነው። አከራይ የገዛ ቤቱን ማርጀት ተከራይን ለማስወጫ ምክንያት አድርጎ ሲያቀርብ፣ በየትኛውም ሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ቢቀርብ አፍረው ነው የሚመልሱት።

በሌላ በኩል ስለ ፒያሳ በየሶሻል ሚዲያው የፈሰሰው እንባም አልተመቸኝም። አንድ መጸዳጃ ቤት ለስንት አባወራ እንደነበር የማያውቁ፣ ቡና ሊጠጡ ብቻ ይመጡ የነበሩ ሰዎች «ነፍሳችን ፈረሰ» ሲሉ ነበር። የሚኖርበት ሰው ነፍስ ሳይሆን የውኃ ቧንቧ ነበር የሚፈልገው። ደግሞም ጎረቤቱን፣ ዕድሩን፣ በእግሩ የሚደርስበትን ሥራ። ቧንቧውን ለማግኘት እነዚህን መስጠት ነበረበት ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው፤ አንድ ዓመት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከመጽደቁ በፊት ጎረቤታሞች አንድ ላይ ይዛወሩ ወይስ ይበተኑ፣ እዚያው አካባቢ ለነባሩ ነዋሪ ስንት ቤት ይሠራ፣ የጉሊቷ ሴት የት ትዘርጋ የሚባልበት ጊዜ ነው። በኛ ሙያ ከተለቀቀ በኋላ የሚደረግ ኮድ ሪቪው ሪቪው አይባልም። ስህተቱን ያየህ ቀን ተጠቃሚው ቀድሞ አይቶታል።

የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። ከተማዋ የ10 ዓመት መዋቅራዊ ፕላንም አላት። ፕላኑ የመሬት አጠቃቀምን በቀለም ይለያል፤ መኖሪያው፣ አረንጓዴው፣ ቅይጡ። ፒያሳ እኮ ቅይጥ የሚለው ቃል ሳይመጣ በፊት ቅይጥ ነበር፦ ፊት ለፊት ወርቅ ቤት፣ ከጀርባው ግቢ፣ ግቢው ውስጥ ሰባት ቤተሰብ። ቀለሙ ግን ሰባቱን አያሳይም። ካርታው ስለ መሬት ይናገራል፣ አዋጁ ስለ ይዞታ፣ መግለጫው ስለ ኮሪደር። ሰውየው ብቅ የሚለው ሲነሳ ብቻ ነው።

አፑን በተመለከተ አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ተከራከርን። የፈረሱ ሰፈሮችን ስም ከፍለጋው እናውጣ ወይስ እንተው? አንዱ ባልደረባዬ «ቦታው ከሌለ ስሙ ስህተት ነው» አለ። ትክክል ነበር፣ በቴክኒክ። ከዚያ የፍለጋ መዝገቡን ከፈትን። ሰዎች አሁንም «ዶሮ ማነቂያ» ብለው ይፈልጋሉ፣ አብዛኞቹም ከከተማው ዳር ካሉ ኮንዶሚኒየሞች። ምን ለማዘዝ እንደሆነ አላውቅም። ስሙን አልሰረዝነውም፤ ሲነኩት የሚከፈተው ካርታ ላይ ግን አዲሱ መንገድ ብቻ ነው ያለው።