የጌም ኮምፒውተር ስትገጣጥሙ፦ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት

የመጀመሪያ የጌም ኮምፒውተራችሁን ራሳችሁ ልትገጣጥሙ አስባችኋል እንበል። ዩቲዩብ ስትከፍቱ የምታገኙት ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ከበጀታችሁ ግማሽ የሚጠጋውን ለግራፊክስ ካርድ አውሉ፣ በተረፈው ሌላውን አሟሉ። ምክሩ ውሸት አይደለም። ችግሩ የተሰላው 21 ዲግሪ በሆነና መብራት በማይጠፋበት ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። ኩልፎ ወንዝ አጠገብ ተከራይቶ ለሚኖር ተማሪ ሁለቱም ግምቶች አይሠሩም። መመሪያዎቹን የምተቸውም እዚህ ላይ ነው።

ከሙቀቱ እንጀምር። አንድ ካርድ «ጌም ላይ 72 ዲግሪ ብቻ ይደርሳል» ተብሎ ሲሞገስ፣ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ካርዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ክፍሉም ነው። ካርዱ ከክፍሉ አየር በ51 ዲግሪ በለጠ ማለት ነው። አርባ ምንጭ ላይ ከሰዓት በኋላ ክፍላችሁ 32 ዲግሪ ከሆነ ያው ካርድ 83 ይገባል። ብዙ የኤንቪዲያ ካርዶች ፍጥነታቸውን መቀነስ የሚጀምሩት ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። በውድ የገዛችሁት ፍጥነት በሙቀት ይበላል።

ከፍታውም ድርሻ አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ ሙቀቱ ሲጨመርበት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ባሕር ዳርቻ፣ 20 ዲግሪ ላይ 1.2 ነው። ፋኑ በሰከንድ የሚገፋው ሊትር አይቀየርም፤ የሚሸከመው ሙቀት ግን ይቀንሳል። ኬዛችሁ በሰከንድ 24 ሊትር አየር ቢያስተላልፍና ውስጡ 300 ዋት ቢቃጠል፣ የሚወጣው አየር ከገባው በ12 ዲግሪ ተኩል ይሞቃል። ባሕር ዳርቻ ላይ 10 ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ ከፍታው የሚጨምረው 2 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ዋናው ጠላት የክፍሉ ሙቀት ነው። (በውሃ ማቀዝቀዝስ? በከተማችን ስም ብዙ ተቀልዷል፤ ግን እሱም ሙቀቱን የሚጥለው እዚያው 32 ዲግሪ አየር ላይ ነው።)

ከዚህ የሚከተለው ምርጫ ግልጽ ነው። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ያምራል፣ ግን ተዉት፤ ፊቱ ወንፊት የሆነውን ውሰዱ፤ አቧራውን በየጊዜው መጥረግ የእናንተ ሥራ ነው። ፕሮሰሰር ላይ እንደ ራይዘን 5 5600 ያለ 65 ዋት የሆነ ይበቃል። ካርድ ላይ አርኤክስ 6600 132 ዋት፣ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170 ዋት ይፈጃሉ። ለጌም ብቻ ከሆነ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሲሙሌሽን ወይም ማሽን ለርኒንግ የምትሠሩ ከሆነ ግን የ3060ው 12 ጊጋባይት ሜሞሪና ኩዳ 38 ዋቱን ያካክሳሉ።

አሁን ወደ መብራቱ። መመሪያዎቹ «ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ» ማለቱን አይረሱም፤ ቀጥለው የሚቆጥሩት ግን ዋት ብቻ ነው። ሶኬታችን 220 ቮልት ይባላል። ማታ ጎረቤቱ ሁሉ 3 ኪሎዋት ተኩል የሚስብ የእንጀራ ምጣዱን ሲሰካ ምን እንደሚሆን ግን አምፖሉን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ጀርባው ላይ 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጁ ሲወርድ በቀላሉ ይጠፋል። «100–240 ቮልት» የሚል፣ አክቲቭ ፒኤፍሲ ያለው ግን 150 ቮልት ላይም ይሠራል። 300 ዋቱን ለማግኘት ከ1.4 አምፔር ይልቅ 2 አምፔር ይስባል፣ በቃ። የተሰነጠቀ ዲቫይደር ላይ አትሰኩት እንጂ።

ሙሉ በሙሉ ሲጠፋስ? ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ራሱ በሙሉ ጭነት የሚታገሠው 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የእኛ መስመር አንድ ዙር እንኳ 20 ይፈጃል። ዩፒኤስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «650» የሚለው ቁጥር ቪኤ እንጂ ዋት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ቢሰጥ ነው፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይበቃል፤ ጨዋታውን ለመጨረስ አይበቃም። ርካሾቹ የሚያወጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ ስለሆነ አንዳንድ አክቲቭ ፒኤፍሲ ፓወር ሰፕላዮች አይቀበሉትም፣ ድርግም ይላሉ። አንድ ላይ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ የጠፋ መብራት አያመጣም።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ስለከበደ፣ ብዙዎች ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝተው ካርድ መጨመርን ይመርጣሉ። መጥፎ መንገድ አይደለም። ሆኖም የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ የፓወር ሶኬታቸው የራሳቸው ነው፤ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ልቀይር ብትሉ አስማሚ ገመድ ካልተገኘ አይገጥምም። እዚያ ላይ የሚያዋጣው እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ፣ 75 ዋቱን ከማዘርቦርዱ የሚወስድ፣ የተለየ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ነው። ያው ስም ይዘው ገመድ የሚፈልጉም ስላሉ አይታችሁ ግዙ። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ደግሞ አጭሩ ካርድ ካልሆነ አይገባም፤ ሻጩ «ይገባል» ቢላችሁም ክዳኑን አስከፍታችሁ ለኩ።

በጀቱ ካነሰ እኔ የምቀንሰው ከካርዱ ነው። ካርድ ከዓመት በኋላ ተሽጦ በተሻለ ይለወጣል። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ግን ማዘርቦርዱንም፣ ዲስኩንም፣ ዲስኩ ላይ ያለውን የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።