ዲግሪን ከአካባቢ ኮሌጅ ስለ መጀመር፤ በኮርሶች አቻነት አወሳሰን ላይ የቀረበ ትችት

መስከረም በጠባ ቁጥር ከሐብሩ ወረዳ ቀበሌዎችና ከመርሳ ከተማ የሚመጡ ወላጆች ለዚህ ጸሐፊ የሚያቀርቡት ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ልጃችን እዚሁ ኮሌጅ ቢገባ ኋላ ለዲግሪው ይጠቅመዋል ወይስ ዕድሜውን ይፈጅበታል? ይላሉ። ጸሐፊው በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ብዙ ዓመታት ቢያሳልፍም ለዚህ ጥያቄ በሙሉ ልብ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ምክንያቱም በኮሌጅ ከተወሰዱት ኮርሶች ስንቱ በዩኒቨርሲቲ እንደሚቆጠር የሚታወቀው፣ ተማሪው ኮሌጁን ከጨረሰና ማስረጃውን ይዞ ከቀረበ በኋላ ስለሆነ ነው።

የጉዳዩ ክብደት ከቁጥሩ ይታያል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ከቀሩት የተወሰኑትን ወደ ዩኒቨርሲቲ ቢያሻግርም፣ ለብዙዎቹ በቅርብ የሚገኘው በር የመምህራን ትምህርት፣ የግብርና ወይም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። እንግዲህ ከኮሌጅ ተነሥቶ ወደ ዲግሪ መድረስ የጥቂቶች ልዩ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ወልድያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በከተማዋ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አለ። በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደግሞ መርሳ ላይ የግብርና ኮሌጅ ይገኛል። ከቤቱ እየተመላለሰ ወይም ከዘመድ ተጠግቶ መማር ለሚችል ወጣት፣ በተለይም ወላጆቿ ሩቅ አገር ለመላክ ለሚሠጉላት ልጃገረድ፣ ይህ ቅርበት ትልቅ ሀብት ነው። ዳሩ ግን በአገራችን ኮሌጆች የሚተዳደሩት በክልል፣ ዩኒቨርሲቲዎች በፌዴራል መንግሥት ስለሆነ፣ ሁለቱ አንድ ከተማ ውስጥ ቢኖሩም የሚያዙበት ደብዳቤ ከተለያየ መሥሪያ ቤት ይመጣል። የአንዱ ኮርስ በሌላው ዘንድ መቆጠሩም ብዙውን ጊዜ በየትምህርት ክፍሉ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከዝቅተኛ ኮሌጅ ወደ ዲግሪ የሚወስደው መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንጋፋው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የታቀደው የሁለት ዓመት ኮሌጅ እንዲሆን ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በባሕር ዳር የተቋቋመው የመምህራን ትምህርት አካዳሚም ከዲፕሎማ ተነሥቶ ነው በ1992 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው። ይሁን እንጂ ያደጉት ተቋማቱ ናቸው፤ ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ደንብ አብሮ አላደገም። በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1901 የጆሊየት ኮሌጅ ሲመሠረት ሐሳቡ ከወዲሁ ሽግግርን ያካተተ ነበር፤ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በከተማው ተምሮ ቀሪውን በዩኒቨርሲቲ እንዲቀጥል ታስቦ ነበርና። እዚያም ቢሆን ነገሩ ያለ እንከን አልቀረም። የአገሪቱ መንግሥት የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ተቋም የቀየሩ ተማሪዎች ከክሬዲታቸው በግምት 43 ከመቶ ያህሉን እንዳጡ አስታውቋል። እንግዲህ የኮሌጅ ብዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም ማለት ነው።

በዲፕሎማ ተመርቀው አሥራ አንድ ዓመት ያስተማሩ አንዲት መምህርት፣ ከክልላችን ውጭ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የክረምት መርሐ ግብር ተመዝግበው ነበር። አጠቃላይ ሥነ ልቡናን እንደገና ተማሩ፤ የፈተና አዘገጃጀትን እንደገና ተማሩ፤ በመጨረሻም ለማስተማር ልምምድ ወጡ። እንዲያግዟቸው የተመደቡት መምህር በአገልግሎት ዘመን የእርሳቸው ታናሽ ነበሩ። መምህርቷ ይህን ሲያጫውቱን እየሣቁ ነበር፤ ሣቁ ግን አራት ክረምት ከልጆቻቸው ተለይተው የከፈሉትን የቤት ኪራይ አይመልስም።

ጥፋቱን ሁሉ በዩኒቨርሲቲዎች ላይ መጣል ግን ፍትሐዊ አይሆንም። እኛ የኮሌጅ ሰዎች የምናዘጋጃቸው የኮርስ ቢጋሮች ብዙ ጊዜ ርዕስና ሰዓት ብቻ ይዘው የሚቀሩ ናቸው። ምን መጽሐፍ እንደተነበበ፣ ምን ያህል ጥልቀት እንደተደረሰ፣ ፈተናው ምን እንደጠየቀ አይናገሩም። በዚህ ላይ በክላስተር የሠለጠነ መምህር ከሒሳብም፣ ከሳይንስም፣ ከቋንቋም ጥቂት ጥቂት ቀምሶ የወጣ ስለሆነ፣ በሒሳብ ዲግሪ ልያዝ ቢል የሚቆጠርለት ትንሽ ቢሆን አያስደንቅም። የመርሳው ዓይነት ሥልጠና ደግሞ በክሬዲት ሰዓት ሳይሆን በብቃት አሐድ የሚለካ ነው፤ ሁለቱን መስፈሪያዎች ለማስታረቅ የተለየ ጥናት ይጠይቃል። የመዛግብቱም ነገር አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወልድያና በአካባቢዋ ያደረሰው ውድመት፣ የተማሪን ማስረጃ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳይቶናል።

ያም ሆኖ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንድ መልካም አጋጣሚ ተፈጥሯል፤ እስካሁንም የሚገባውን ያህል አልታሰበበትም። በዚያ ዓመት በዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲጀመሩ፣ ለአመክንዮ፣ ለአጠቃላይ ሥነ ልቡና፣ ለእንግሊዝኛ፣ ለኢትዮጵያና ለአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ለሌሎችም አገር አቀፍ ሞጁሎች ተዘጋጅተዋል። ሞጁሉ አንድ ከሆነ፣ ፈተናውም አንድ ሊሆን ይችላል። በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የተሰጠው አመክንዮ በኮሌጅ ክፍል ከተሰጠው በምን እንደሚለይ የሚያስረዳ ሰው ጸሐፊው እስካሁን አላገኘም። የመምህሩ ደረጃ ነው ከተባለ፣ የማስተርስ ዲግሪ ያላቸው መምህራን በኮሌጆችም አሉ። የቤተ መጻሕፍቱ መጓደል ነው ከተባለ፣ ይህ እውነተኛ ችግር ስለሆነ ኮርሶቹ ከመጀመራቸው በፊት መሟላት ይኖርበታል።

ስለዚህ ለሙከራ ያህል ከጋራ ኮርሶቹ አራት ወይም አምስት ተመርጠው፣ በፈቃደኛ ኮሌጆች በዚያው ሞጁል ቢሰጡና ፈተናውን ዩኒቨርሲቲው ራሱ አውጥቶ ቢያርም፣ ያለፈው ተማሪ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ሊቆጠርለት ይገባል። ኮሌጁ ተማሪ ከመቀበሉ በፊት የሚቆጠሩትን ኮርሶች ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ፤ ወላጅም አንብቦ ይወስን። የፈተናው ወረቀትና የአራሚዎቹ አበል ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ግን፣ የክልሉ ትምህርት ቢሮና ሚኒስቴሩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አስቀድመው መነጋገር አለባቸው።