ከጉሮሮ የማይወጣ ንግግር
የቤንች ክራርና መናገር ለተሳናቸው ሰዎች የሚሠራ መሣሪያ

በሚዛን ተፈሪና በአማን ዙሪያ፣ ቡናና እንሰት ተጎራብተው በሚበቅሉበት በቤንች ምድር፣ ክራር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው በየትም አገር የታወቀው ነው፤ ዘፈንን ያጅባል። ሁለተኛው ግን ከብዙዎች ጆሮ ርቆ የኖረ ነው፤ ክራሩ ይናገራል። ይህ የጸሐፊ ማጋነን አይደለም። ባለ አምስት አውታሩ ክራር የቤንችኛን ቃል ያለ አፍ ለሰሚው ያደርሳል፤ ሰሚውም ይረዳዋል። ከዚሁ ጋር በከንፈር፣ ወይም ሁለት እጅ ተገጣጥሞ በሚፈጥረው ጎድጓዳ የሚፏጭ ንግግር አለ። ይኸኛው በአብዛኛው የወንዶች ሲሆን፣ ተራ ድምፅ ከማይዘልቀው ርቀት መልእክት ያሻግራል።

የነገሩ ምሥጢር ያለው በቋንቋው ጠባይ ነው። ክላውስ ቬዴኪንድ የተባሉ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ቤንችኛ ቃላትን የሚለይባቸው ስድስት ቃናዎች እንዳሉት አሳይተዋል። አምስቱ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው የተደረደሩ እርከኖች ናቸው፤ ስድስተኛው ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ከቃሉ ላይ ተነባቢውና አናባቢው ቢገፈፍ እንኳ፣ የቀረው ዜማ ትርጉሙን ይዞ ይጓዛል። የአውታሩ ቁጥርና የእርከኑ ቁጥር አምስት ለአምስት መግጠሙ ዓይን የሚስብ ነው፤ ሆኖም የቁጥር መገጣጠም ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን በዚህ ላይ ንድፈ ሐሳብ ለመገንባት መቸኮል አያስፈልግም።

ይህ ጥበብ መናገር ለተሳናቸው ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። ክራር ጣት ይፈልጋል፤ ፉጨትም ትንፋሽና ከንፈር ይፈልጋል፤ ሁለቱንም ሕመም የነሳው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን የቤንች ክራር አንድ ነገር በግልጽ ያስረዳል፤ ንግግር የጉሮሮ ብቻ ንብረት አይደለም። መናገር ለተሳናቸው ሰዎች የሚሠሩ መሣሪያዎች ሁሉ የቆሙት በዚሁ እውነት ላይ በመሆኑ፣ ሂሱም ከዚሁ መነሳት ይኖርበታል።

ቻርልስ ብሊስ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጡት የሥዕል ጽሕፈት የታሰበው ለዓለም ሕዝቦች የጋራ መግባቢያ እንዲሆን ነበር። ዓለም ችላ አለው። ከ1971 ወዲህ ግን በካናዳ ቶሮንቶ መናገር የማይችሉ የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት በሰሌዳ ላይ እየጠቆሙ ይነጋገሩበት ጀመር። የፊዚክስ ሊቁ ስቴፈን ሆኪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ድምፃቸውን ካጡ በኋላ በኮምፒዩተር ተናገሩ። ድምፁ የዴኒስ ክላት ሥራ ሲሆን፣ ለእንግሊዛዊው ሊቅ የአሜሪካ ቅላጼ ሰጣቸው። ከዚያ የተሻለ ሲቀርብላቸውም ሊለውጡት አልፈቀዱም፤ የራሳቸው ሆኖ ነበርና።

ወደ አገራችን ሲመለሱ፣ የመግባቢያው ሰሌዳ ከጥንት ጀምሮ በየግድግዳው ተሰቅሎ ይገኛል። ሕፃኑ በስንደዶ እየጠቆመ የሚቆጥረው የፊደል ገበታ 33 ረድፍና 7 ዓምድ፣ በድምሩ 231 ሆሄያት አሉት። ይህ ብዛት ከ26ቱ የላቲን ፊደላት ጋር ሲነጻጸር ሸክም ይመስላል። ነገር ግን ዓይኑን ብቻ ማንቀሳቀስ ለሚችል ሰው ገበታው ራሱ መንገድ ያበጅለታል፤ አንድ ጥቅሻ ለረድፉ፣ አንድ ጥቅሻ ለዓምዱ፣ ሆሄው ከነአናባቢው ተገኘ። የጣት ፊደል የሚጠቀሙ የአገራችን መስማት የተሳናቸው ወገኖችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ቤት፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ደረጃ ያመለክታል።

እዚህ ላይ የሊቃውንትን ቅሬታ የሚያስነሳ አንድ ነጥብ አለ። አስታማሚው ረድፉን ከላይ ወደ ታች ሲጠራ፣ በአማርኛ ድምፃቸው ከሌላው የማይለየው ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ በሽተኛውን ደጋግመው ያስጠብቁታል። አምስቱ ቢነሱ 28 ረድፍ ይቀራል። የፊደል ክብር ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ ውኃ ለመጠየቅ ከዓይኑ ሽፋሽፍት በቀር ምንም የሌለው ሰው ግን በዚህ ክርክር መካከል መቆየት የለበትም።

ገበታው ዝም ያለ ነውና እስከዚህ ይበቃል። ችግሩ የሚብሰው መሣሪያው ድምፅ አውጥቶ ሲናገር ነው። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «በጉ ይበላል» ተብሎ ሲጻፍ «በ» ከላላ በጉ በላተኛ ነው፤ ከጠበቀ በጉ ራሱ የሚበላ ነው። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ይህን ከዐውዱ መገመት አለበት። አንባቢ ሲሳሳት ተመልሶ ያርማል፤ መሣሪያው ሲሳሳት ግን ስሕተቱ የሚቆጠረው በባለቤቱ ላይ ነው፣ እርሱም አፍ የለውም። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ያቀረባቸው መቅደስና አመሃ የተባሉት የአማርኛ ድምፆች ትልቅ እርምጃ ናቸው። ሆኖም ሁለቱም የጎልማሳ ድምፆች ናቸው፤ የስምንት ዓመት ልጅ በእነርሱ አፍ እናቱን «እማዬ» ሲል ቤተሰቡ የሚሰማው እንግዳ ሰው ነው።

ለቤንችኛ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የጸደቀው፣ በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተው አጻጻፍ ቃናን አይጽፍም። ቋንቋውን በአፉ የፈታ አንባቢ ቃናውን ከራሱ ያመጣል፤ መሣሪያ ግን የሚያመጣው የለውም። ስለዚህ ለቤንች ልጅ ተናጋሪ ሰሌዳ የሚሠራ ባለሙያ ከጽሑፉ ይልቅ ከክራር መቺው የሚማረው ይበዛል፤ የትኛው እርከን ከየትኛው እንደሚለይ፣ በስንት ርቀት እንደሚለይ፣ ሰሚው ሲደናገር መቺው ምን ደግሞ እንደሚመታ። ይህ ሲቀዳ ግን የፉጨቱ ንግግር በአብዛኛው የወንዶች መሆኑ መታሰብ ይኖርበታል። ሴቶችና ሕፃናት ካልተቀዱ፣ መናገር የተሳናት የቤንች ልጃገረድ የምትናገረው በአጎቷ ድምፅ ይሆናል።