የፕሮግራም ቋንቋ በአጫጫኑ ሲመዘን

አንድ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ በወጣ ጊዜ ሊቃውንቱ የሚመረምሩት ሰዋስውን፣ ፍጥነቱንና ስሕተት የሚከላከልበትን ዘዴ ነው። ቋንቋው በተማሪው ኮምፒዩተር ላይ እንዴት እንደሚጫን ግን እንደ ተራ ነገር ተቈጥሮ በመጽሐፉ መቅድም በአንድ ገጽ ይታለፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው አጫጫኑ ራሱ የቋንቋው አንድ ክፍል መሆኑን ነው፤ ይልቁንም እንደ እኛ ባለ አገር ቋንቋው ይለመድ ወይም ይቅር ዘንድ ከሚወስኑት ምክንያቶች አንደኛው ይኸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ታሪክን ምስክር እንጥራ። ፓስካል የተባለውን ቋንቋ ስዊሱ ሊቅ ኒክላውስ ቪርት በ1970 ሲያወጣው ለማስተማሪያ የታሰበና በሰዋስው ንጽሕና የተመሰገነ ነበር። ይሁን እንጂ በግል ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩት ኮምፓይለሮች ዋጋቸው ብዙውን ጊዜ በመቶ የሚቈጠር ዶላር ነበር፤ አንዲት አጭር ፕሮግራም ለማስኬድም ዲስክ እየለዋወጡ ብዙ ደረጃ ማለፍ ያስፈልግ ነበር። በ1983 ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ ቱርቦ ፓስካልን በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም አወጣ፤ መጻፊያውና ኮምፓይለሩ ከ40 ኪሎባይት በማይበልጥ በአንድ ፋይል ተጠቃለው ነበር። ሰዋስው በመሠረቱ ያው የቪርት ሰዋስው ነው፤ የተለወጠው መግቢያ ደጁ ነው። በዚህም ለውጥ ፓስካል ከትምህርት አዳራሽ ወጥቶ በየቤቱ ገባ። እንደዚሁም በ1995 ጃቫስክሪፕት ከኔትስኬፕ ብራውዘር ጋራ አብሮ ስለ ወጣ፣ ማንም ሳይጭነው በሁሉ ዘንድ ተገኘ። በጥድፊያ፣ በዐሥር ቀን ያህል ጊዜ የተነደፈ በመሆኑ እንከን እንዳለበት ወዳጆቹ እንኳ አይክዱም፤ ነገር ግን እንከኑ ከመስፋፋት አላገደውም።

ከገዛ አገራችንም ምስክር አለን። በኮምፒዩተር አማርኛ ለመጻፍ ለብዙ ዓመታት ፓወር ግዕዝንና ቪዡዋል ግዕዝን የመሳሰሉትን ፕሮግራሞች ለብቻ መጫን ግድ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒዩተር የተከፈተ እንደሆነ ትርጕም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተመዘገበ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ መመዝገቡ ብቻውን ለጸሐፊው አልደረሰለትም። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መተየቢያውን አብሮ ይዞ በመጣ ጊዜ ግን አዲስ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው ምንም ሳይጭን አማርኛ ማንበብና መጻፍ ቻለ። በ2021 የተጀመረውም ቴሌብር በመተግበሪያ ብቻ ሳይሆን በተራ የቁልፍ ስልክ *127# ተደውሎ ይሠራል። ስለዚህ በአሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥ ሰው ዘመናዊ ስልክ ባይኖረውም ከአገልግሎቱ አይለይም።

አሁን ወደ ተማሪው እንመለስ። በሐዋሳ ከተማ በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ የሚኖር፣ 4 ጊጋባይት ራም ያላት አሮጌ ላፕቶፕ ያለችውና የኢንተርኔት ፓኬጅ በኪሱ ልክ የሚገዛ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንዳለ እናስብ። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የፕሮግራም ትምህርት ሲጀመርበት የኖረው ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ተማሪው ኮድ ብሎክስ የተባለውን መጻፊያ ለማውረድ ሲነሣ ለዊንዶውስ የተዘጋጁ ሁለት ዓይነት ፋይሎች ያገኛል፤ አንደኛው ኮምፓይለሩን የያዘ፣ ሁለተኛው ያልያዘ። ኮምፓይለር ምን እንደሆነ ገና ያልተማረው ልጅ ገንዘቡን ለመቈጠብ ትንሹን ይመርጣል። የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ጽፎ ሲያስኬድ ኮምፓይለር አልተገኘም የሚል መልስ ይደርሰዋል። ይህን ተማሪ ያሳሳተው ስንፍና ሳይሆን ቍጠባ መሆኑን ልብ ይሏል። ፓይተንም ቢሆን በቀላልነቱ የተመሰገነ ሲሆን፣ የዊንዶውስ መጫኛው ለብዙ ዓመታት ፓዝ የሚለውን ሳጥን ሳይመረጥ ይተወው ስለ ነበር፣ ሳጥኑን ሳያስተውል ያለፈ ጀማሪ ፓይተንን ከጫነ በኋላ በትእዛዝ መስኮት ቢጠራው አያገኘውም ነበር። በ2015 የመጀመሪያው ጽኑ እትም የወጣው ራስት ደግሞ በሊቃውንት ዘንድ እጅግ የተደነቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በዊንዶውስ ላይ በተለመደው መንገድ ሲጫን ከራሱ ሌላ ብዙ ጊጋባይት የሚፈጅ የማይክሮሶፍት መሣሪያ ይጠይቃል። ይህ ለአንዱ አገር ተማሪ የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ነው፤ ለእኛው ተማሪ ግን የብዙ ቀን የፓኬጅ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራውን፣ ምንም ጭነት የማያሻውን መንገድ እንምረጥ የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያለ ጭነት መሥራትና በቀላሉ መሥራት በየአገሩ አንድ አይደሉም። በብራውዘር የሚሠራ ሰው በየዕለቱ መስመር ያስፈልገዋል፤ መስመሩ የተቋረጠ ወይም ፓኬጁ ያለቀ ዕለት ትምህርቱም ይቆማል። በአንጻሩ ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለውን አሮጌ መጻፊያ እንመልከት። በ2015 የወጣው 5.11 እትሙ ኮምፓይለሩን ጨምሮ 50 ሜጋባይት አይሞላም። አንዱ ካወረደው በፍላሽ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋል፤ ከተጫነም በኋላ ያለ መስመር ይሠራል። ኮምፓይለሩ ያረጀ መሆኑ፣ ፍላሹም ቫይረስ ይዞ ሊዞር መቻሉ ነቀፋ ነው። ይህም ሆኖ ከእርሱ የሚሻሉ መጻፊያዎች ሞልተው ሳለ በተማሪ ዘንድ መክረሙን የሚያስረዳ ሌላ ምክንያት ከምንፈልግ፣ ደጁ ከተማሪው አቅም ጋራ የተመጣጠነ ነው ብንል አንሳሳትም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ችግሩን ማለፍ ራሱ ትምህርት ነው፤ ያልታገለ አይማርም የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የፕሮግራም ሰው ኋላ ኋላ ስለ ኮምፓይለርና ስለ ፓዝ ማወቅ አለበት። ነገር ግን ሁሉ በየተራው ነው። በቄስ ትምህርት ቤታችን ሕፃኑ በመጀመሪያ ሀ ሁ ይቈጥራል፤ ብራና መፋቅና ቀለም መበጥበጥ የጸሐፊነትን ሙያ ለሚይዘው ኋላ የሚመጣ ነው። ፊደል ከመቍጠርህ በፊት ብራናህን ፍቀህ ና የሚል መምህር አልነበረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ሲ ፕላስ ፕላስ አጫጫኑ አስቸጋሪ ከሆነ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቶቻችን እንዴት ጸና? ይላሉ። መልሱ ግዴታ ነው። ትምህርቱ ግዴታ በሆነበት ስፍራ የደጁ ጥበት በተመዘገበው ተማሪ ቍጥር ላይ አይታይም፤ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ ማስኬድ ያልቻለው ተማሪ ኮዱን ከደብተር አጥንቶ በፈተና ወረቀት ላይ ይገለብጣል፤ ያልፋልም፤ ቋንቋው ግን አልገባውም። ከዚህ የሚከፋው፣ መጫኛው ያሸነፈው ልጅ የተሸነፈው በፕሮግራም ትምህርት መስሎት፣ ይህ ሙያ ለእኔ አልተፈጠረም ብሎ መደምደሙ ነው። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ማንም በመዝገብ አይጽፈውም።

ጉዳዩ የአንድ ክፍል ብቻ አይደለም። በ2024 ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋራ በተደረገ ስምምነት የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በአገራችን ተጀምሯል፤ ከሚሰጡትም ትምህርቶች አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። ትምህርቱ በነጻ መሰጠቱ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በነጻ የተሰጠ ትምህርት መሣሪያውን ሊሸከም በማይችል ኮምፒዩተር ላይ ሲደርስ ንባብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከተመዘገበውና ሰርተፍኬት ከወሰደው ቍጥር ጋራ፣ በገዛ ኮምፒዩተሩ የገዛ ፕሮግራሙን ያስኬደው ምን ያህል ነው ተብሎ ሊቈጠር ይገባል።

በእኛ አስተያየት ቋንቋ መራጮች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ ለትምህርት የሚታሰበውን ቋንቋ በመምህሩ ኮምፒዩተር ሳይሆን በተማሪው ደካማ ላፕቶፕ ላይ አስቀድመው ይጫኑት። ሁለተኛ፣ አንድ የተመረመረ እትም ከነሙሉ መሣሪያው በቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ተማሪው ያለ ኢንተርኔት በፍላሽ ይውሰደው። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው የትምህርት ሰዓት የሚጠናቀቀው እያንዳንዱ ተማሪ አንዲት መስመር ጽፎ ሲያስኬድ ይሁን። ቋንቋ ሠሪዎቹም ቢሆኑ ሰዋስውን ለማሳመር ከሚደክሙት ድካም ጥቂቱን ለመጫኛው ቢያውሉት፣ ብዙ የተደከመበት ሥራቸው ሳይታይ ከደጅ አይመለስም።